ከሞተች በኋላ በልጄ ስም የተጻፉ መልሶች

ቀን፦ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2025

ለቤሎብሮድ ዩኒቨርሲቲ
ለክቡር ሬክተር ጽሕፈት ቤት
ቤሎብሮድ

አመልካች፦ ፔና ኢሊዬቫ ኩሼቫ፣ የሸሚዝ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ የሊፓ መንገድ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በሞት በተለየችው ሠራተኛችሁ በራሊትሳ ቶዶሮቫ ኩሼቫ ስም፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተጻፉ የሚላኩ መልሶች እንዲቆሙ፣ በስሟ ለተፈጸመው ስሕተት ማስተካከያ እንዲሰጥ፣ ሠራተኞችም በዚህ ነገር ሲጠቀሙ ምን እንደሚጠበቅባቸው በጽሑፍ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ክቡር ሬክተር፣

በተማሪዎች መኖሪያ ቢሮ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችው የራሊትሳ ኩሼቫ እናት ነኝ። ልጄ ባለፈው ኖቬምበር ከቢሮ ወጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ሞተች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ቀብሯ ላይ ተገኝተዋል። እርስዎም አበባ ልከዋል፤ አመሰግናለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮሌታ ስሰፋ ነው። ስለዚህ አቤቱታዬ የሕግ ሰው እንደሚጽፈው ባይሆን ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ጎረቤቴ ስታሜና ወረቀቱን ሳበላሽና ስቀድድ አይታ፣ «ምን ያሠቃይሻል? የልጅ ልጄ በስልኩ ላይ ባለው የሚጽፍ ፕሮግራም በአንድ ደቂቃ አሳምሮ ያስጽፍልሻል» አለችኝ። «እሱን እኮ ነው የምከስሰው» አልኳት። «ታዲያ ምን ቸገረሽ፣ ራሱን ይክሰስ!» አለች። ስቃ አስቃኝ ሄደች። በራሴ እጅ ጻፍኩት።

1. የልጄ ሥራ ምን እንደ ነበር

ራሊትሳ ከተማሪዎችና ከወላጆች ለሚመጡ ደብዳቤዎች መልስ ትጽፍ ነበር። ማን የት እንደሚያድር፣ ማሞቂያው መቼ እንደሚበራ፣ ወረቀት እስከ መቼ እንደሚቀርብ። የተማሪዎቹ መኖሪያ ቀዝቃዛ ስለሆነ መልሷን ስትጨርስ «ሹራብ እንዳይረሳ» ትል ነበር። ይህን ቃል የወሰደችው ከእኔ ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድ ከደጃፍ ሆኜ የምጮህባት እንዲህ እያልኩ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ግን እርስዎ በደንብ እንዲረዱልኝ እለምናለሁ፤ አቤቱታዬ በእሱ ላይ የቆመ ነው። ልጄ ለታመመ ወይም እግሩ ደረጃ መውጣት ለማይችል ተማሪ «የምድር ቤቱን ክፍል ይዤልሃለሁ» ብላ የምትጽፈው እንዲሁ ተቀምጣ አልነበረም። መጀመሪያ መንገዱን ተሻግራ ወደ መኖሪያው ትሄዳለች። የመኖሪያውን ጠባቂ አቶ ጌንኮን ለምና ቁልፉን ከተሰቀለበት ታስነሣዋለች፤ መሳቢያ ውስጥም ታስቆልፈዋለች። እዚያ ቤት ተሰቅሎ የታየ ቁልፍ ቀድሞ ለደረሰ ነውና። ከዚያ ተመልሳ ትጽፋለች። በዝናብ ቀን ጫማዋ ርሶ ትመጣና «እማ፣ ዛሬም ቁልፍ አስደብቄ መጣሁ» ትለኛለች። «አንቺ ሌባ!» እላታለሁ። «የሌባ እናት!» ትለኛለች። እራት እንበላለን።

2. ከሞተች በኋላ

አርባዋ ሲደርስ የስንዴ ንፍሮ በስኳር አድርጌ ቢሮዋ ወሰድኩ። በሜይም መንፈቋ ሲሆን እንዲሁ አደረግሁ። ባልደረቦቿ ሁሉ ተቀብለው «ነፍሷን ይማር» ብለው ቀመሱ።

በመንፈቋ ቀን ንፍሮውን በትንንሽ ብርጭቆ እያደልኩ ሳለሁ፣ አንዲት ሠራተኛ ኮምፒውተሯን እያየች «ይሄንን ደግሞ ማን ይመልሰዋል? ሁለት ገጽ ሙሉ ተሳድቧል» አለች። ኢስክራ፣ ከልጄ ፊት ለፊት ትቀመጥ የነበረችው፣ ቀና ሳትል «ለራሊ ስጫት፤ እሷ አለሳልሳ ትመልሰዋለች» አለቻት።

እኔ በልጄ ቦታ አዲስ ሰው የተቀጠረ መሰለኝ። ስሟም ራሊትሳ የሆነ መሰለኝ። በከተማችን ስሙ ብርቅ አይደለም። ይህን ስሰማ ሐዘን ወይም ቁጣ የሚባል ስሜት አልመጣብኝም፤ ከኖቬምበር ወዲህ ብዙ ነገር አይሰማኝም። አንድ ብርጭቆ ሞላሁ። ማንኪያ ሰካሁበት። ልጄ ትሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና «ይቺ ለራሊትሳ ናት፤ ስትመጣ ትቅመስልኝ። ባላውቃትም በልጄ ወንበር ተቀምጣለችና ነፍስ ይማር ትበልልኝ» አልኩ።

ኢስክራ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ማሪኔላ ዶብሬቫ «እሺ እትዬ ፔና፣ እንነግራታለን» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ያቺ ብርጭቆ ምን እንደ ሆነች እስካሁን አልጠየቅሁም።

3. አቶ ቬሊን ጋንቼቭ

በዚህ በያዝነው ወር አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከስታሜና ጋር ደጄ ላይ ለክረምት የሚቀመጥ ቀይ ቃሪያ እየጠበስን ስንልጥ አንድ ሰው መኪናቸውን አቁመው ወደ እኛ መጡ።

«የኩሼቫ ቤት ይሄ ነው?»

«ነው» አልኩ።

«ራሊትሳን ጥሪልኝ።»

«የለችም።»

«የለችም! ስልክ ስንደውል የለችም፤ ቢሮ ስንመጣ የለችም። ለመዋሸት ሲሆን ግን አለች! በሽተኛ ልጅ ላይ መቀለድ ምን ይባላል? አፈር ትብላ!»

ስታሜና የቃሪያ ቢላዋዋን እንደያዘች ብድግ አለች። «አንተ ሰውዬ ዓይን የለህም? በሩን አታይም?»

በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ። በመንፈቋ የለጠፍነው የሞት ወረቀትም አለ። ሰውየው ቀረብ ብለው ፎቶዋን አዩ። የሞተችበትን ቀን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ታዲያ ኦገስት ላይ ለእኔ የጻፈችልኝ ማን ናት?» አሉ።



ወንበር አመጣሁላቸው፤ አልተቀመጡም። ቆመው ነገሩኝ። የጎርና ሉካ መንደር ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸው ቲንካ በመኪና አደጋ እግሯ ተጎድቶ በክራንች ነው የምትሄደው። የእናንተ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ልትገባ ነበር። አባትየው ምድር ቤት ክፍል እንድታገኝ ጠይቀው በኦገስት ጻፉ። መልስም መጣላቸው። ስልካቸውን ሰጡኝ፤ መነጽሬን አምጥቼ አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦

«ውድ አቶ ጋንቼቭ፣ በፍጹም አይጨነቁ። የምድር ቤቱን ክፍል ለቲንካ ይዤላታለሁ። ወረቀቷን ትምህርት ሲጀመር ይዛ ብትመጣ ይደርሳል። ሹራብ እንዳትረሳ። ራሊትሳ ኩሼቫ።»

አነጋገሩ የልጄ ነው። የተጻፈው ግን አስፋልት በሚያቀልጥ ሙቀት ነው።

ልጅቷና አባቷ ትምህርት ሲጀመር ሲመጡ ምዝገባው በኦገስት መጨረሻ ተዘግቶ አገኙት። የምድር ቤቱ ክፍሎች ሁሉ ተይዘው ነበር። ለምነው በአራተኛ ፎቅ አንድ አልጋ አገኙ። አሳንሰሩ አይሠራም። አባትየው አዝለዋት ወጡ፤ በማግሥቱ አዝለዋት ወረዱ። ቲንካ ዘንድሮ ተማሪ አይደለችም። ቤት ተቀምጣለች።

ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ እንደ ማንኛውም ሰው «ነፍሷን ይማር» ይሉ እንደሆነ ጠበቅሁ። እሳቸውም ምን እንደምጠብቅ ገባቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አሉ። «መሞቷን ባውቅ ያንን ቃል በደጅዎ አልናገርም ነበር። ግን ሌላውንም ልል አልችልም። አፌ እምቢ ይለኛል። ቲንካን አዝዬ ደረጃውን ስወጣ በየደረጃው የረገምኩት ይሄንን ስም ነው።»

ሄዱ። ዞር ብለን ስናይ ቃሪያው አርሮ ነበር።

ክቡር ሬክተር፣ እኛ ሟችን የምንሸኘው እንዴት እንደ ሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ቂም የያዘ ሰው «ነፍሷን ይማር» ካላለ የሟች መንገድ አይከፈትም ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ቄሱን ጠየቅኋቸው፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። እኔ የማውቀው ልጄ ያንን ሰው አለመበደሏን ነው። በሕይወቷ አይታቸው አታውቅም።

4. በቢሮው የተነገረኝ

በማግሥቱ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ኢስክራ ሳታስጨርሰኝ አለቀሰች። የነገረችኝ ይህ ነው። በልጄ ቦታ ሰው አልተቀጠረም። ደብዳቤው ተከመረ። የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም አምጥቶ ጫነላቸው። እነሱም ልጄ በዘጠኝ ዓመት የጻፈችውን ሁሉ ሰጡት፤ እንደ እሷ መመለስ እንዲማር።

«ተማሪዎቹ አጻጻፏን ስለሚወዱት ነው እትዬ» አለችኝ ኢስክራ። «ራሊ እያልን የምንጠራውም ናፍቃን ነው። ለቀልድ እንዳይመስልሽ።»

አልመሰለኝም። ኢስክራ ልጄን ትወዳት ነበር።

የመላኪያ አድራሻው በልጄ ስም እንዳለ የቀረው ለመቀየር ደብዳቤ መጻፍ ስለሚያስፈልግ ነው። ደብዳቤውን ማንም አልጻፈውም። መጀመሪያ መጀመሪያ ኢስክራ እያንዳንዱን መልስ እያነበበች ትልክ ነበር። በኋላ ሲበዛባት በራሱ እንዲልክ ተደረገ።

ወይዘሮ ማሪኔላ መጥተው ተቀመጡ። «ለክብሯ ብለን ነው እትዬ ፔና፤ ለዛዋ እንዳይጠፋ» አሉኝ።

«ቁልፉንስ ማን ነው የሚያስነሣው?» አልኳቸው።

«የቱን ቁልፍ?»

ይህን የጻፍኩት ኃላፊዋን ለማሳጣት አይደለም። ልጄ ስለ ቁልፉ ለቢሮው ተናግራ አታውቅም፤ ደንቡ ስለማይፈቅድ ይሆናል። በደብዳቤ ላይም ጽፋው አታውቅም። ፕሮግራሙ «ይዤላታለሁ» የሚለውን ቃል ከደብዳቤዎቿ ተማረ። መንገዱን መሻገሯ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ስላልነበረ አልተማረውም። ቢማረውም እግር የለውም።

ለአቶ ጋንቼቭ፣ ያንን መልስ ልጄ እንዳልጻፈችው የሚገልጽ አንድ ወረቀት እንዲሰጡልኝ ለመንኩ። ወይዘሮ ማሪኔላ «በጽሑፍ ከሰጠን ጥፋተኛው ቢሮው ሊሆን ነው። የተሳሳተው ፕሮግራሙ ነው፤ ሰው አይደለም» አሉኝ።

«ከታች ያለው ስም ግን የሰው ነው» አልኩ።

«ገባኝ። ግን በምን ደንብ? ለተማሪዎች ደንብ ወጥቷል። ለእኛ ለሠራተኞቹ ገና አልወጣልንም።»

5. ቅሬታዬ

ስወጣ የተማሪዎቹን ደንብ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ አየሁት። ቆሜ አነበብኩት። ተማሪ በማሽን ያጻፈውን የራሴ ነው ብሎ ቢያቀርብ ይቀጣል ይላል። መልካም ደንብ ነው። ተማሪው እንኳ የሚያቀርበው በራሱ ስም ነው። ቢሮው ግን ማሽን የጻፈውን በልጄ ስም ላከ። እሷ «እኔ አይደለሁም» ማለት አትችልም።

በዚህ ነገር አትጠቀሙ አልልም። ደብዳቤው ብዙ ነው፤ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ዕድሜዬን በማሽን ላይ ነው የኖርኩት። በፋብሪካችን ግን ማሽን የሰፋውን ኮሌታ እየገለበጠች የምታይ ሴት ነበረች። ሸሚዙ ሲወጣ የእሷ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ይገባ ነበር። ሸሚዙ ተበላሽቶ ቢመለስ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም አምና ትቀበላለች ወይም ትከራከራለች። የሞተች ሴት ቁጥር ኪስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ሌላም አለ። ለልጄ የሚጽፉላት ተማሪዎች ስለ ክፍል ብቻ አይጽፉም ነበር። ያረገዘች ትጽፋለች፤ አባቱ ጠጥቶ የሚደበድበው ይጽፋል። ልጄ የማንንም ስም ሳትጠራ «አንድ ልጅ ዛሬ አስለቀሰኝ» ብቻ ትለኝ ነበር። እነዚያ ልጆች የነገሩት ለራሊትሳ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ደብዳቤያቸው ለፕሮግራሙ ተሰጠ። ስለ ራሴ ፈቃድ አላነሣም። የእኔን የጠየቀኝ ቢኖር ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ምናልባት እሺ እል ነበር።

6. የምጠይቀው

ሀ. በራሊትሳ ኩሼቫ ስም ያለው አድራሻ ይህ አቤቱታ በደረሰ ጊዜ እንዲዘጋ፤ ስሟም ከማንኛውም ወጪ ጽሑፍ ሥር እንዲነሣ።

ለ. ለአቶ ቬሊን ጋንቼቭ የኦገስቱን መልስ ልጄ እንዳልጻፈችው፣ ያን ጊዜ በሕይወት እንዳልነበረች፣ ስሕተቱም የቢሮው እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው፤ ከታችም በሕይወት ያለ ሰው እንዲፈርምበት። ልጃቸው ቲንካም በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት በምድር ቤት ክፍል ተሰጥቷት ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ። የልጄ ሙት ዓመት በኖቬምበር ነው። ደብዳቤው ከዚያ በፊት እንዲደርሳቸው እለምናለሁ። እኔም ለሙት ዓመቷ እጠራቸዋለሁ። መምጣቱና «ነፍሷን ይማር» ማለቱ የእሳቸው ፈንታ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ጥፋት በልጄ ላይ ጭነው እንዲቀሩ ግን አልፈልግም።

ሐ. ለሠራተኞች የሚጠበቅባቸው ነገር በጽሑፍ እንዲወጣ። ምን መሆን እንዳለበት እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የሚታየኝን ብቻ ልጻፍ። ፕሮግራሙ ያረቀቀውን ሰው አንብቦ ይላከው። ያነበበው ሰው የራሱን ስም ይጻፍበት። ጽሑፉ በምን እንደ ተረቀቀ ለሚቀበለው ሰው ይነገረው። አንድ ሰው ተነሥቶ ሄዶ ያልፈጸመውን ነገር ፕሮግራሙ ፈጽሜልሃለሁ አይበል። ሰዎች በምሥጢር የጻፉት አይሰጠው። የሞተ ወይም ሥራ የለቀቀ ሰው ጽሑፍ መማሪያ እንዲሆን ከተፈለገ እሱ ወይም ቤተሰቡ ይጠየቁ።

መ. ኢስክራ በዚህ ምክንያት እንዳትቀጣብኝ። እሷ በየሳምንቱ ወደ መቃብሩ ትሄዳለች፤ ሄጄ ሳለሁ አግኝቻታለሁ። ደንብ ሳይኖር በደንብ መቅጣት ተገቢ አይመስለኝም።

ይህን አቤቱታ ልጽፍ መሆኔን ለኢስክራ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ፤ ከጀርባዋ ምንም ማድረግ አልፈለግሁም። አድራሻው ይዘጋ ስላት አቀረቀረች። «እትዬ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ስሟን አየዋለሁ። እዚያው ያለች ይመስለኛል» አለችኝ። «ከዘጋነው ደግማ ልትሞትብን ነው።»

ያኔ ተሰናብቻት ወጣሁ። አሁን ግን መልሱን በዚህ ላይ እጽፈዋለሁ፤ እርስዎም እንዲያነቡት። ልጄ የሞተችው አንድ ጊዜ ነው። ኖቬምበር ላይ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው። ዩኒቨርሲቲው ይህንኑ አውቆ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአንዲት እናት አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ፔና ኢሊዬቫ ኩሼቫ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች መኖሪያ ቢሮ
ለአቶ ቬሊን ጋንቼቭ፣ ጎርና ሉካ